ከላፕቶፑ ጎን የሚቆም ስክሪን፦ ለሮብ ገበያ ዲጄና አቀናባሪ የቱ ሞኒተር ይበጀዋል?

በጎጃም፣ ሮብ ገበያን በመሳሰሉ ከተሞች፣ በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚሠራ ሰው አንድ ሙያ ብቻ ይዞ መኖር ይከብደዋል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ የሰርግ ዲጄ ነው፤ ጾም ሲገባ መዝሙር ይቀርጻል፤ በመሀሉ ለአንዱ ድምፃዊ ዘፈን ያቀናብራል፤ የገበያ ቀን ደግሞ በዚያችው ላፕቶፕ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ሲጭን ይውላል። የላፕቶፑ ስክሪን ብዙውን ጊዜ ከ14 ኢንች አያልፍም። ሃያ ሠላሳ ትራክ ያለው ቅንብር ሲከፈትበት ሚክሰሩ ትራኮቹን ይሸፍናል፣ ፕለጊኑ ሚክሰሩን ይሸፍናል፤ የሥራው ሰዓት መስኮት በመክፈትና በመዝጋት ያልቃል። ተጨማሪ ሞኒተር መፈለግ ለእንዲህ ያለው ሰው ቅንጦት አይደለም።

የሚያስቸግረው ስለ ሞኒተር የሚሰጠው ምክር ነው። በዓለም ገበያ የሚነገረው በአብዛኛው ስለ 27 ኢንች 4ኬ፣ ስለ ረጅሙ «አልትራዋይድ»፣ ስለ ጎባጣው ስክሪን ነው። መካሪው መብራት እንደማይጠፋ፣ ላፕቶፑ አዲስ እንደሆነ፣ ጠረጴዛው ከቦታው እንደማይነሳ አስቀድሞ ወስዷል። እኔ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ እላለሁ። መጀመሪያ ላፕቶፑ ምን ዓይነት ምስል ማውጣት እንደሚችል፣ ቀጥሎ የመብራቱ ነገር፣ ከዚያ ድምፅ ማጉያዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ይታይ። ኢንችና ማርካ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ከዲጄው እንጀምር፤ የእሱ መልስ አጭር ነው። ለድግስ ሥራ ሞኒተር ይዞ መውጣት አያስፈልገውም። የቢሮ ሞኒተር ብርሃኑ 250 ኒት አካባቢ ነው፤ ፀሐይ በሚገባበት ዳስ ውስጥ ጥቁር መስታወት ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ ኮንትሮለር፣ ሚክሰርና ማይክ ተደርድረዋል፤ ሥሩ የጀኔሬተርና የስፒከር ገመድ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ እስክስታ የሚመታ ሚዜ አለ። የሙያው ዓለም አቀፍ አካሄድም ወደዚያ አይደለም። ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ2009 የዲጄ ማጫወቻውን ሲዲጄ-2000፣ በ2020 ደግሞ ባለ 9 ኢንች ንክኪ ስክሪኑን ሲዲጄ-3000 ሲያወጣ ስክሪኑ ወደ ማጫወቻው ገብቷል፤ በትልልቅ መድረኮች ላፕቶፑ ራሱ ከዲጄው ፊት እየተነሳ ነው። ቨርቹዋል ዲጄ በላፕቶፕ ለሚያጫውተው የእኛ ሰው የሚጠቅመው ላፕቶፑን ከፍ የሚያደርግ የብረት ማቆሚያና ከላይ ብርሃን የሚከልል ነገር ነው። ሁለቱንም የሰፈሩ ብረት በያጅ ይሠራቸዋል።

የዲጄው ዋና የስክሪን ሥራ ያለው ቤት ውስጥ፣ ከድግሱ በፊት ነው። ይህን የውጭዎቹ ምክሮች አያነሱትም፤ ምክንያቱ የዘፈኖቻችን ምት ነው። የዲጄ ሶፍትዌሮች ዘፈን ሲመረምሩ ምቱ በአራት የሚቆጠር ነው ብለው ይነሣሉ። ችክችካ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው። ሰው በእግሩ በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታውን ዘፈን ሶፍትዌሩ 180 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ስድስቱን ምት ለሁለት መክፈልና ለሦስት መክፈል ተምታቶበት ነው። በካሴት ዘመን በባንድ በቀጥታ የተቀዱት ዘፈኖች ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ድራመሩ ዘፈኑ ሲግል ይፈጥናል፣ ካሴቱን የገለበጠው ቴፕም የራሱ ፍጥነት ነበረው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የተስተካከለው የምት መስመር ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ስቶ ይገኛል። ሁለት እንዲህ ያሉ ዘፈኖችን ሳይንገዳገዱ ለማያያዝ የድምፁን ሞገድ በረጅሙ ዘርግቶ መስመሮቹን በእጅ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በሰርግ ሰሞን ዋዜማ መቶ ዘፈን ለማሰናዳት የተቀመጠ ሰው ስክሪኑ በሰፋለት ቁጥር ሥራው ይፈጥናል። የሚገዛው ሞኒተር ታዲያ ቤት የሚቀመጥ ይሁን።

ወደ አቀናባሪው ስንመጣ ጉዳዩ ይበዛል። በቅድሚያ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ፦ ስክሪን ሙዚቃ አይሠራም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሮድስ፣ ከሙግና ከያማሃ ዲኤክስ7 ኪቦርዶች ጋር አዋህዶ ካሴቱን ሲያወጣ፣ የዚያች ዲኤክስ7 መስኮት ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ በየመስመሩ 16 ፊደል። የሙዚቃ ሶፍትዌሩ ኩቤዝ እ.ኤ.አ. በ1989 በአታሪ ኮምፒውተር ሲጀምር የአታሪው ጥቁርና ነጭ ሞኒተር 12 ኢንች ነበር፤ የሚያሳየውም 640 በ400 ነጥብ ነው። ዛሬ የተለወጠው የድርብርቡ ብዛት ነው። ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው «ዘላለም»፣ ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. ባወጣው «ነጸብራቅ» የተሰማው ዓይነት ሥራ፣ የባህል መሣሪያና የአዝማሪ ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር የሚደራረብበት፣ ተቆራርጦ የሚሰፋ ነው። ያን ሁሉ ቁራጭ ባንድ ዓይን ማየት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ገዢዎች አዘውትረው የሚሳሳቱበትን ላንሣ። የሥራ ቦታ የሚሰጠው የነጥቡ ብዛት እንጂ ኢንቹ አይደለም። ርካሽ ላፕቶፖች ያላቸው 1366 በ768 ወደ አንድ ሚሊዮን ነጥብ ገደማ ነው፤ 1920 በ1080 ሁለት ሚሊዮን ያልፋል፤ 2560 በ1440 ደግሞ ወደ 3.7 ሚሊዮን ይጠጋል። ባለ 24 ኢንችና ባለ 27 ኢንች ሁለቱም 1920 በ1080 ከሆኑ የሚያሳዩት የትራክ ብዛት እኩል ነው፤ በ27ቱ ላይ ፊደሉ ይተልቃል እንጂ አንድም ትራክ አይጨመርም። ዓይኑ ለደከመ ሰው ይህ ራሱ ጥቅም ነው፤ ቦታ ለፈለገ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። 27 ኢንች መግዛት ካማረ 2560 በ1440 ይሁን።

ወርድ ሁሉም የሚያየው ነገር ነው፤ ቁመት ግን ይረሳል። በሙዚቃ ሶፍትዌር ጊዜ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ትራክና የድምፅ ከፍታ ወደ ላይ ይደረደራል። መሲንቆ ወይም ድምፃዊ የቀረጸ ሰው በሜሎዳይን ዓይነት የዜማ ማቃኛ ሶፍትዌር ሲያቃና ይህ ይታወቀዋል። መሲንቆ ከኖታ ወደ ኖታ የሚሄደው እየተንሸራተተ ነው፤ አንቺ ሆዬን በጆሮው የቃኘ ክራርም በፒያኖው አሥራ ሁለት ቁልፍ ልክ ላይቀመጥ ይችላል። ሶፍትዌሩ ሁሉንም ወደ ቅርቡ ቁልፍ ጎትቶ ቢያስተካክለው የጎጃም ዜማ የነበረው የኪቦርድ ዜማ ሆኖ ይቀራል። እየመረጡ ለማቃናት እያንዳንዱን ኩርባ በቁመቱ ማየት ያስፈልጋል። 1920 በ1200 የሆኑት የድሮ የቢሮ ሞኒተሮች፣ ለምሳሌ ዴል ዩ2412ኤም፣ ከተለመደው ስክሪን 120 ረድፍ ይበልጣሉ። ዩ2412ኤም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ 24 ኢንች ነው፤ አርጅቷል። ጤነኛው ከተገኘ ግን ለዚህ ሥራ ከብዙ አዳዲስ ርካሾች እመርጠዋለሁ።

4ኬ ጥርት ያለ ነው፤ ክርክር የለውም። በ27 ኢንች ላይ ግን ፊደሉ ስለሚያንስ በዊንዶውስ 150 በመቶ ማጉላት ግድ ይሆናል፤ ሲጎላ ደግሞ የሚያሳየው የቦታ መጠን ከ2560 በ1440 ጋር እኩል ይሆናል። ቆየት ያሉ ፕለጊኖች ማጉላቱን ስለማይቀበሉ ቁልፋቸው እንደ ምስር ደቅቆ ይቀራል። 34 ኢንቹ አልትራዋይድ ለረጅም ቅንብር ያስጎመጃል፤ 80 ሳንቲሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ኋላ እንደምናየው ከድምፅ ማጉያዎቹ ጋር ይጣላል።

የፓኔሉን ዓይነት በተመለከተ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። አይፒኤስ ይሁን። ቲኤን ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይገረጣል፤ ከአጠገብ የተቀመጠው ድምፃዊ ምንም አያይም። ቪኤ ጥቁሩ ጥሩ ነው፣ ርካሾቹ ግን የሚሮጠውን የድምፅ ሞገድ በጨለማው መደብ ላይ ያደበዝዙታል። ኦሌድ ለፊልም ነው፤ የሙዚቃ ሶፍትዌር ሚክሰሩን ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያቆመው ጠባሳ ሊተውበት ይችላል። 144 ኸርዝ የሚባለው የጨዋታ ሞኒተር የሞገዱን ሩጫ ያለሰልሳል፤ ድምፁን ግን አንዲት ሚሊሰከንድ አያፈጥነውም። የድምፅ መዘግየት የሚወሰነው በሳውንድ ካርዱና በሶፍትዌሩ አቀማመጥ ነው። 60 ኸርዝ ይበቃል። ይልቅ ብርሃኑ ሲቀነስ የማይንቀጠቀጥ መሆኑ ይታይ፤ ማታ ማታ ለሚሠራ ሰው ራስ ምታትን የሚያስቀረው እሱ ነው።

አሁን ወደ ላፕቶፑ ፖርት። አገር ውስጥ በብዛት የሚዞሩት ያገለገሉ ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክና ቲንክፓድ ናቸው፤ ጠንካሮች ናቸው፣ ምስል አውጪያቸው ግን የዘመናቸው ነው። ቲንክፓድ ቲ440 ለምሳሌ ያለው ቪጂኤና ትንሿ ዲስፕሌይፖርት ብቻ ነው፤ ኤችዲኤምአይ የለውም። በዚያ ዘመን ላፕቶፖች ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ ደግሞ 1.4 የሚባለው ስለሆነ 4ኬ ቢሰኩበት በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ይሰጣል፤ ጠቋሚው ወደ ኋላ እየቀረ ሰው ያበሳጫል። ዲስፕሌይፖርት 1.2 ያለው ላፕቶፕ 60ውን ያወጣል። ቪጂኤ 1920 በ1080ን ይችላል፣ ፊደሉ ግን ጠርዙ ይፈዝዛል። የመቀየሪያ ኬብል ሲገዛም አቅጣጫው ይጠየቅ፦ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጠው በተገላቢጦሽ አይሠራም።

የማክ ተጠቃሚም ጉድ አለበት። ኤም1 እና ኤም2 ማክቡክ ኤር በራሳቸው የሚቀበሉት አንድ ውጫዊ ሞኒተር ብቻ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ለመግዛት ያሰበ አስቀድሞ ይወቀው። ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ስላለ ብቻም ምስል ይወጣል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ለቻርጅና ለፋይል ብቻ የተሠራ ነው። ለመፈተን የጎረቤት ቴሌቪዥን ይበቃል፤ ብር ከመቆጠሩ በፊት።

መብራቱ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው። 24 ኢንች አይፒኤስ 20 ዋት ገደማ ይበላል፤ 34 ኢንቹ ወይም ትልቁ ቴሌቪዥን 50 እና 60 ይደርሳል። በየሱቁ የሚገኘው ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፐር-ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት። በመለወጥ የሚባክነውና የባትሪው እርጅና ሲቀነስ ግማሹ ቀረ እንበል። 20 ዋቱ ሞኒተር በዚህ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ 60 ዋቱ ሦስት ሩብ ሰዓትም አይሞላም። ሳውንድ ካርዱ ከላፕቶፑ ስለሚጎርስ በሄድፎን መቀጠል ይቻላል፤ ትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች በዚያ ዩፒኤስ ላይ ባይሰኩ ይሻላል። መዝሙር ሊያስቀርጽ ከገጠር የመጣ ዘማሪ መብራት ስለጠፋ ተመልሶ ከሚሄድ፣ ሁለት ሰዓት የሚያቆይ ትንሽ ስክሪን ከባለ ግርማው ይበልጣል።

ከመጥፋቱ ይልቅ የሚያቃጥለው ሲመለስ ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል። አንዳንዱ ሞኒተር ኃይል የሚቀበለው በውጭ አዳፕተር ነው፣ አንዳንዱ በሆዱ ውስጥ ነው። በውጭ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚቃጠለው አዳፕተሩ ስለሆነ፣ ቮልቱና አምፐሩ የሚገጥም ሌላ ተገዝቶ ሥራ ይቀጥላል። በሆዱ ከሆነ ሠሪ ዘንድ መውሰድ ነው። ስለዚህ ከሁለት እኩያ ሞኒተሮች ባለ አዳፕተሩን እመርጣለሁ። ርካሽ ዲቫይደር ከእንዲህ ያለው ዝላይ አያድንም፤ ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ሳይገዙ ሞኒተር መግዛት ቅደም ተከተል ማፋለስ ነው።

ሞኒተርና ድምፅ ማጉያ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ይነካካሉ። ሁለቱ ማጉያዎችና የአቀናባሪው ጭንቅላት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ ይባላል፤ በትንሽ ክፍል አንዱ ጎን ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። 24 ኢንች ሞኒተር 53 ሳንቲሜትር ስለሚሰፋ መሀላቸው ይገባል። 80 ሳንቲሜትሩ ግን ማጉያዎቹን ወደ ግድግዳ ይገፋል፣ ወይም ከፊታቸው ይጋረጣል። ስክሪን ጠንካራ ገጽ ነው፤ ድምፅ ይመልሳል፣ የተመለሰው ከቀጥታው ጋር ተጋጭቶ የድምፃዊውን መሀለኛ ድምፅ ያዛባል። መፍትሔው ሞኒተሩን ከማጉያዎቹ ፊት ትንሽ ወደ ኋላ፣ ዝቅ አድርጎም ማቆም ነው። የላይኛው ጠርዙ ከዓይን ከፍታ አይበልጥ፤ ይህ ለአንገትም ይስማማል።

ሁለተኛው መነካካት ህምታ ነው። ሞኒተሩ በኤችዲኤምአይ ሲሰካ ከማጉያዎቹ ህም... የሚል ድምፅ ከወጣ፣ ላፕቶፑ፣ ሞኒተሩና ማጉያው በተለያየ መንገድ ከመሬት ሽቦ ጋር ተያይዘው ክብ ሠርተዋል ማለት ነው። ሁሉንም ከአንድ ሶኬት መሰካትና ከሳውንድ ካርዱ ወደ ማጉያው ባላንስድ ኬብል መጠቀም ብዙውን ጊዜ ያጠፋዋል። የመሬት ሽቦዋን መቁረጥ የሚመክር ሰው ካለ አይሰማ፤ ሕይወት የሚያስከፍል ምክር ነው። ኤሌክትሪክ ክራር ወይም ጊታር የሚቀረጽ ከሆነም መሣሪያው ከስክሪኑ ይራቅ፤ ማግኔት ያለው ፒክአፕ የስክሪኑን ጩኸት ይለቅማል።

«ቴሌቪዥኔን ብጠቀምስ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል፤ ተገቢ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች 1366 በ768 ስለሆኑ ከላፕቶፑ የተሻለ ነገር አያሳዩም፤ አንድ ኢንች ውስጥ 49 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ ምስሉን ለማሳመር ሲሉ ያዘገዩታል፤ የ100 ሚሊሰከንድ መዘግየት ብርቅ አይደለም። በደቂቃ 120 ምት ላይ አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ ዓይን የሚያየው ጆሮ ከሰማው የምቱን አንድ አምስተኛ ይዘገያል። ዲጄው የሚሮጠውን መስመር በዓይኑ እያየ በጆሮው ከሚሰማው ጋር ካስተካከለ ስህተት ይሠራል። የጨዋታ ሞድ ካለው ይከፈት፣ መዘግየቱ ይቀንሳል። 43 ኢንች 4ኬ ቴሌቪዥን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ራቅ ብሎ ለሚቀመጥና የመብራት ስጋት ለሌለበት ሰው ጥሩ ሥራ ይሠራል።

ለሮብ ገበያው ሰው ትኩረት የሚገባው ሌላው አማራጭ 15.6 ኢንች ተንቀሳቃሽ ሞኒተር ነው። 10 ዋት ገደማ ይበላል፤ ላፕቶፑ ምስል የሚያወጣ ዩኤስቢ-ሲ ካለው አንድ ኬብል ይበቃዋል። መብራት ጠፍቶ 50 ዋት-ሰዓት ባትሪ ያለው ላፕቶፕ 20 ዋት እየበላ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሠራ ከነበረ፣ ይህ ሲጨመርበት ወደ አንድ ሰዓት ከአርባ ይወርዳል። ሚክሰሩን እሱ ላይ፣ ትራኮቹን ላፕቶፑ ላይ ማድረግ ነው። ገንዘብ ከሌለም በቤት ያለ ታብሌት ስፔስዴስክ በሚባለው ሶፍትዌር ለዊንዶውስ ላፕቶፕ ሁለተኛ ስክሪን ይሆናል፤ ዋይፋዩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ይሠራል። ለሚክሰር ይበቃል፣ ለሚሮጥ ሞገድ ግን ይዘገያል።

ግዢው ላይ እንድረስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ የተነገረ ዋጋ ሁሉ ተረት ሆኗል፤ የዘመድ ትዝታ ይዞ መደራደር አያዋጣም። በአዲስ አበባ መርካቶና መገናኛ፣ በባሕር ዳርም ምርጫ አለ፤ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በቴሌግራም ያሳያሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ግን ያ መንገድ ለብዙዎች ተዘግቶ ነበር፤ የሚያዋጣው ዕቃውን በዓይኑ አይቶ የሚያመጣ ሰው ነው። ለዚያ ሰው የሚሰጠው ማስታወሻ አጭር ይሁን፦ 24 ኢንች፣ አይፒኤስ፣ 1920 በ1200 ካልተገኘም በ1080፣ ከላፕቶፑ ጋር የሚገጥም ፖርት፣ ቢቻል ባለ አዳፕተር። ያገለገለ ይሁን። ከአዲሱ የተረፈው ገንዘብ ለዩፒኤስና ለማጉያ ይሁን፤ ጆሮ የሚያሳስት ማጉያ ተይዞ ዓይን የሚያስደስት ስክሪን መግዛት ሲበዛ አይቻለሁ።

ሱቅ ውስጥ ሞኒተሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በርቶ ይቆይ፤ የደከመ የኃይል ክፍል የሚጠፋው ሲሞቅ ነው። ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ ምስል በስልክ ተይዞ ይሂድና ይከፈትበት፤ የሞተ ነጥብና የጠቆረ ጥግ በዚያ ይታያል። ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ይቀነስ፣ ይጨመር። እግሩ ከጠፋ ከኋላው በ100 ሚሊሜትር ርቀት አራት የቡሎን ቀዳዳዎች መኖራቸው ይታይ፤ ካሉ ብረት በያጅ እግር ይሠራለታል። ኬብሉና አዳፕተሩ ከዕቃው ጋር መሆናቸው ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ይነገር፤ ከተከፈለ በኋላ ሲጠየቅ ለብቻው ይሸጣል።

ከዚያ መንገዱ አለ። ሞኒተር በቅጥቅጥ ጣራ ላይ፣ ከጆንያ በታች ተኝቶ ከመጣ ሳይሰበር መድረሱ ዕድል ነው። ፊቱ ላይ ከስክሪኑ የሚሰፋ ካርቶን ወይም ኮምፔርሳቶ ይታሰርበት፣ በብርድ ልብስ ይጠቅለል፣ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይጫን። ለአንድ ወንበር ተጨማሪ ከፍሎ አጠገብ ማስቀመጥ ከተቻለ፣ ያ ገንዘብ ሞኒተሩ ላይ ከሚወጣው ሁሉ ርካሹ ነው።